መርፌው ለየትኛው ሕመም ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የ67 ዓመት ሰው ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል፤ ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ይነዳሉ። ወገባቸውን ካመማቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ደግሞ ከግራ መቀመጫቸው ተነሥቶ በጭናቸው ጀርባ እስከ ባታቸው የሚወርድ ነዝር መጣባቸው። ኤምአርአይ ተነሥተው «ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቷል» ተብለዋል፤ ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ ነው። ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ወስደዋል። ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸዋል። ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ታዘዘላቸው፤ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚላቸው መሪ መያዝ ፈሩ። ሐኪማቸው «አኩፓንክቸር ሞክር» አላቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይሄ የቻይና መርፌ እውነት ነርቭ ያድናል? ሜዲኬር ይከፍልልኛል? ባለቤቴ የባዕድ አምልኮ ነገር አለበት ብላ ፈርታለች። ምን ትመክረኛለህ?» ሜዲኬር ያሉት የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የጤና መድን ነው።

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የአካል ተሃድሶ ሐኪም ነኝ። አኩፓንክቸር ተምሬ ለታካሚዎቼ ራሴ እወጋለሁ። ሲሠራ አይቻለሁ፤ ምንም ሳያደርግ ሲቀርም አይቻለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀድም። ለወገብዎና ወደ እግርዎ ለሚወርደው ነዝር፣ ይሞክሩት። ለሚያቃጥለው ውስጥ እግርዎ ግን ተስፋዎን በመርፌው ላይ አያድርጉ። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚፈልገውም ሌላ ነገር ነው።

በእኛ ሰው ዘንድ «ነርቭ ነው» የምትባል ቃል አለች። ወገብ ሲይዝ ነርቭ ነው፤ እጅ ሲደነዝዝ ነርቭ ነው፤ እግር ሲያቃጥልም ነርቭ ነው። አንዲት ቃል ሦስት በሽታ ትሸፍናለች። ከዚያ ሰው ለአንዱ የሚሆነውን ሕክምና ለሌላው ይወስድና አልሠራም ብሎ ይመለሳል። እርስዎ ጋር ያሉትም ሦስት ሕመሞች ናቸው፦ የወገቡ፣ ወደ እግር የሚወርደው ነዝርና የውስጥ እግሩ ማቃጠል፤ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ስላረፉ አንድ ይመስላሉ።

ክሊኒክ ውስጥ ባገኝዎ መጀመሪያ ጫማና ካልሲ አስወልቅዎታለሁ። በተረከዝዎ ብቻ ቆመው አምስት ስድስት እርምጃ እንዲሄዱ እጠይቃለሁ። የግራ እግርዎ ጣቶች ወደ ላይ ተነሥተው መቆየት ካቃታቸው ነርቩ ታምሟል ብቻ አይባልም፤ እየደከመ ነው። ቀጥሎ አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ እኔ በጣቴ ወደ ታች እጫናለሁ። ቀኙና ግራው እኩል መታገል አለባቸው። ከዚያ ዓይንዎን ይጨፍናሉ። ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግርዎን ይነካል። ክሩ የሚታጠፈው 10 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍበት ነው። ያ ንክኪ ካልተሰማዎት እግርዎ ጠጠርም ቢረግጥ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥም ቢገባ አይነግርዎትም ማለት ነው።

ከዲስክ የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ መንገድ አለው። ከመቀመጫ ተነሥቶ መስመር ይዞ ይወርዳል። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ መኪና ውስጥ ሲቆዩ ይብሳል። የስኳሩ ግን በሁለቱም እግር ነው። ከጣት ጫፍ ይጀምርና ካልሲ እንዳጠለቁ ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል። አልጋ ላይ ሲጋደሙ ይነሣል፤ አንሶላ ሲነካዎት እንኳ ያቃጥላል። እርስዎ የጻፉት በትክክል ይሄንኑ ነው።

ወደ መርፌው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ሁሉ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ ሁለቱም እግር በድንገት ከከዳ፣ የመርፌ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የታፈነ ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ካልተላቀቀ ላይመለስ ይችላል። ይህን አገር ቤት ሆነው ለሚያነቡም ልጨምር። የወገብ ሕመሙ ከማታ ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታም ይታሰባል። እንዲህ ያለ ወገብ መርፌ አይወጋም፤ ወጌሻም አያሸው። ምርመራ ነው የሚፈልገው።

አሁን «እውነት ይሠራል ወይ?» ወደሚለው።

ጀርመኖች በዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናታቸው ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ 1,162 ሰዎችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን እንደ ቻይናው ደንብ ተወጋ። ሁለተኛው ቻይናዎች የመርፌ ነጥብ ከሚሏቸው ውጭ በሆነ ቦታ፣ ለይስሙላ፣ ቆዳው ላይ ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካል ብቃት ሕክምና፣ ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛው መርፌ የተሻላቸው 47.6 ከመቶ ሆኑ። በይስሙላው 44.2 ከመቶ። በተለመደው ሕክምና 27.4 ከመቶ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ያንብቧቸው። መርፌ የተወጋ ሰው ካልተወጋው ተሻለው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ግን ቦታው ትክክል ሆነ አልሆነ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ከአንድ ጥናት ሁለት ዓይነት መደምደሚያ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የጀርመን የጤና መድን ለወገብና ለጉልበት ሕመም መክፈል ጀመረ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 «ለወገብ ሕመም አትስጡ» አለ፤ ከይስሙላው ካልበለጠ ምኑን ሕክምና ሆነ ነው ነገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ መርፌውን ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ሊሰጡ ከሚችሉት አማራጮች ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ከጀርመኖቹ ጋር ነኝ። ሁለት ዓመት የታመመ ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ ጉዳቱ ትንሽ የሆነና ከሁለት ሰው ለአንዱ ሊጠጋ የሚችል እፎይታ እያለ፣ የሚወጋው ቦታ ላይ ስላልተስማማን ብቻ አልከለክለውም።

ወደ እግር ለሚወርደው ነዝር ደግሞ አዲስ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ቻይና ውስጥ በስድስት ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ነው። የተሳተፉት 216 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እንደ እርስዎ ዲስክ ወጥቶ እግራቸው ድረስ የሚያማቸው ነበሩ። በአራት ሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ ተወጉ። ከ100 በሚለካ የሕመም መለኪያ የእግር ሕመማቸው 31 ያህል ወረደ። በይስሙላ የተወጉት 15 ያህል ብቻ ነው የወረደላቸው። ልዩነቱ እስከ ዓመት ድረስ ዘለቀ። እዚህ ላይ ቦታውና አወጋጉ ለውጥ አምጥቷል። ሌላ አገር፣ በሌሎች እጆች ተደግሞ ማየት እፈልጋለሁ። ግን ሐኪምዎ «ሞክር» ሲሉዎ አየር ላይ አይደለም የተናገሩት።

«ነርቭ ያድናል?» ላሉት፣ አያድንም። ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልሰውም። የወጣ ዲስክ በብዙ ሰው ላይ በጊዜ ብዛት ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ያ የሰውነት ሥራ ነው። መርፌው የሚያደርገው ሕመሙን ማርገብ ነው። ሲወጋ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊን የሚባለውን፣ ይለቃል። በተወጋው ቦታ ዙሪያም አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ እሱም በአካባቢው ያለውን የሕመም መልእክት ያዳክማል። የተያዘው ጡንቻም ይላላል። ይሄ ጊዜያዊ ነው። ግን ሕመሙ ረገብ ባለባት ሰዓት ይራመዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይተኛሉ። ወገብን የሚያሻሽለው ያ ነው። መርፌውን ተወግቶ መኪና ውስጥ ስምንት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ገንዘቡን ነው የሚያባክነው።

ስለ አወጋጉ ልንገርዎ፤ ፍርሃቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። መርፌ ሲባል ክትባት ነው የሚታየን። የክትባት መርፌ መሐሉ ክፍት ነው፤ መድኃኒት ያስገባል። ይሄኛው ድፍን ነው፤ ምንም አያስገባም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። በሁለት ጣት ይዘው ቢገፉት ይታጠፋል። በሆድዎ ይተኛሉ፤ ከሆድዎ ሥር ትራስ ይገባል። ወገብ ላይ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ መቀመጫ ላይ፣ የጉልበት እጥፋት ላይ፣ ባት ላይ እወጋለሁ። በጠቅላላ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ይሆናል። ሲገባ ትንኝ የነከሰች ያህል ነው። ከዚያ ቀስ አድርጌ ሳዞረው ሌላ ስሜት ይመጣል። «ከበደኝ»፣ «ጨመደደኝ»፣ «ተስፋፋብኝ» ይሉኛል ሰዎች። ቻይናዎች ደ ቺ የሚሉት ይሄን ነው። እስከ እግርዎ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረዎት ግን ወዲያው ይናገሩ፤ ነርቩን ስለነካሁ መርፌውን መልሼ አወጣለሁ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ተኝተው ይቆያሉ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ከሰው ሁሉ የማይረሳኝ አንድ ታካሚ አለ። ሁዳዴ ነበር። ሰውየው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጡ። በልተው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሦስተኛውን መርፌ ሳስገባ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ላብ ጀርባቸውን ሸፈነው። መርፌዎቹን አውጥቼ እግራቸውን ከፍ አደረግኩ፤ ስኳራቸውን ለካሁ፤ ደህና ሆኑ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አበሻ ሐኪም ሆኜ አበሻን በጾም ወቅት «ቀምሰዋል ወይ?» ሳልል መውጋት አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። እርስዎም የሚወጋዎት ሰው ጾማችንን ላያውቅ ይችላልና ራስዎ ይንገሩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን በልተው ከጨረሱ በኋላ ወደ ማታ ያድርጉት። ስኳር ኖሮብዎ መጾሙን በተመለከተ ደግሞ ከሐኪምዎም ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ።

ሌላው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ትንሽ ደም፣ ትንሽ መበለዝ፣ በማግስቱ መድከም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን ወይም ኤሊኩዊስ፣ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። አንዳንዶች መርፌው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ ያገናኛሉ፤ የልብ መቆጣጠሪያ ፔስሜከር ያለበት ሰው ይህን አያስደርግ። ደረትና የላይኛው ጀርባ ላይ በጥልቀት የሚወጋ ሰው ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ ብርቅ ነው፣ ግን ደርሷል። ከተወጉ በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መርፌው የታሸገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቶ የሚጣል መሆን አለበት። ፓኬቱ ፊትዎ ካልተከፈተ ተነሥተው ይሂዱ። ድሮ በተደጋገመ መርፌ የጉበት ቫይረስ የተላለፈባቸው ሰዎች ነበሩ።

ሜዲኬር ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ነው። የሚከፍለው ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም። ሕመሙ ከካንሰር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከእርግዝና የመጣ መሆን የለበትም። በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ይፈቅዳል። እየተሻለዎት ከሆነ 8 ይጨምራል፤ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ካልተሻለዎት ያቆማል። የሚከፈለው የሐኪም ጉብኝትን በሚሸፍነው በሜዲኬር ክፍል ቢ ስለሆነ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ራስዎ መክፈል ያለብዎትን መጠን (ዲዳክቲብል) ከጨረሱ በኋላ 20 ከመቶው ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ፈቃድ ያለው የአኩፓንክቸር ባለሙያ ራሱ ለሜዲኬር ሒሳብ መላክ አይችልም። በሐኪም ወይም በናርስ ፕራክቲሽነር (ከፍ ያለ ሥልጠና ባለው ነርስ) ሥር ሆኖ ነው የሚሠራው። መንገድ ዳር ያዩት ክሊኒክ ገብተው ካርድ ቢሰጡ ወጪው ሁሉ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሲደውሉ «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ብቻ አይበሉ። «ለወገብ አኩፓንክቸር ሜዲኬርን የሚያስከፍለው የትኛው ሐኪም ነው?» ብለው ስሙን ይጠይቁ።

ለውስጥ እግር ማቃጠል ሜዲኬር አይከፍልም። ማስረጃውም ደካማ ነው፤ ያሉት ጥናቶች ትንንሽና የተድበሰበሱ ናቸው። እዚያ ላይ ከመርፌ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። የቢ12 እጥረት ራሱን ችሎ እግር ያቃጥላል፤ ያደነዝዛል። የደም ምርመራው ቀላል ነው፤ ከተገኘ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ይህን ሳያስመረምሩ «የስኳር ነርቭ ነው፣ ቻለው» ተብለው ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ አንባቢም እግሩን ካቃጠለው ለሐኪሙ ይንገር። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ ቫይታሚን ቢ6ን ይቀንሳል፤ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ጋባፔንቲኑን በተመለከተ በራስዎ በአንድ ጊዜ አያቁሙት። መጠኑን መቀነስ፣ ወደ ማታ ብቻ ማድረግ ወይም ዱሎክሴቲን ወደሚባል ሌላ የነርቭ ሕመም መድኃኒት መቀየር ይቻላል፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። እንቅልፍ እንቅልፍ እያለዎት አለመንዳትዎ ትክክል ነው።

የሚደነዝዝ እግር ካለዎት መርፌ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይከልክሉ። ሙቀት። አንዳንዶቹ ከመርፌው ጋር ሞክሳ የሚባል ቅጠል ያጨሳሉ፤ ቆዳው አጠገብ ይጋያል። ሌሎቹ የሚሞቅ መብራት ይደቅናሉ። ስሜት ያለው ሰው ሲበዛበት «በቃ» ይላል። የእርስዎ እግር በቃ አይልም፤ ይቃጠላል። የስኳር ታማሚ እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ወራት ይወስዳል፤ እስከ መቆረጥም ያደርሳል። ውስጥ እግር ላይ ዋገምትም እንዳያስደርጉ፤ የሚበጣ ነገር ሁሉ ይቅር።

መሻልዎን በምን ያውቃሉ? «ትንሽ ቀለል አለኝ» በሚለው አይለኩት። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሳይወርዱ ስንት ደቂቃ መንዳት እንደሚችሉ፣ ሌሊት ስንቴ ሕመሙ እንደሚቀሰቅስዎ፣ ሳይቆሙ ምን ያህል እንደሚራመዱ። በሳምንት ሁለቴ ቢወጉ ጥሩ ነው። ስድስት ጊዜ ከተወጉ በኋላ ወረቀቱን ያውጡ። ሃያ ደቂቃ የነበረው አርባ ከሆነ ይቀጥሉ። ቁጥሮቹ ካልተነቃነቁ ያቁሙ፤ «ገና ነው፣ 12 ይሙላ» ቢሉዎትም ያቁሙ። የእግርዎ ጉልበት እየቀነሰ ከሆነ ግን ስድስተኛውን አይጠብቁ፤ የአከርካሪ ሐኪም ይይዎት። በተወጉበት ቀን ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ታክሲው ውስጥ በየአርባ ደቂቃው ይውረዱ፤ ወንበሩን ወደ መሪው ያስጠጉ፤ የኋላ ኪስዎ ውስጥ ቦርሳ ካለ ያውጡት።

የቀረው የባለቤትዎ ጥያቄ ነው፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መርፌው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከቆየ የቻይና ፍልስፍና ጋር ነው የመጣው። ቺ የሚሉት ኃይል በሰውነት መስመሮች ይሄዳል፤ ሲታገት ያማል ብለው ያስተምራሉ። ያን ማመን ግዴታ የለብዎትም። እኔ አላምንበትም፤ እወጋለሁ። ስወጋ የምጠራው ስም የለም፤ የማደርገው ሥርዓት የለም። ጡንቻና ነርቭ የት እንዳለ አውቄ ብረት አስገባለሁ። አያቶቻችን ዋገምት ሲያስደርጉ ቀንዱን ለማንም አልሰገዱለትም፤ ሕመም ስለሚያስታግስላቸው ነው ያስደረጉት። የሚወጋዎት ሰው ጸሎት፣ ማሰላሰል፣ ሌላም ነገር ጨምሮ ካቀረበ «መርፌው ብቻ ይበቃኛል» ማለት መብትዎ ነው፤ ማንም አይቀየምዎትም።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። አጠገብዎ ወንበር ይሰጣቸዋል። ፓኬቱ ሲከፈት ይዩ፣ የፈለጉትን ይጠይቁ፤ እርስዎ በሆድዎ ተኝተው ማየት የማይችሉትን እሳቸው ያዩልዎታል።